የፈረሰው የጓዳ ግድግዳ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተወደድሽው ዋርሳዬ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ የምትገባው ጤና ሆነሽ፣ ከሥራ ተመልሰሽ እግርሽን በዘረጋሽበት ሰዓት ይሁን። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ የጭነት መኪናውን ይዞ ትናንት ወጥቷል፤ ሐሙስ ይመለሳል። እናትሽም ደህና ናቸው። ድምፃቸው እንደምታውቂው ነው፤ ከጓዳ ሆነው ሲጣሩ ከመንገድ ማዶ ያለው ሰው "አቤት" ይላል።

ይህን የምጽፍልሽ ከስፌት ሱቄ ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ስልኩ ገና ሲጠራ እናትሽ ከእጄ ነጥቀው ይወስዱታል፣ እስኪዘጋም አይመልሱልኝም። ስለዚህ ለእኔ የምትጽፊውን በሱቁ አድራሻ ላኪልኝ። ለእሳቸው የሚነበበውን እንደ ድሮው ወደ ቤት።

ወሬው እንዲህ ነው። ጓዳውንና የልብስ ማጠቢያውን ክፍል የሚለየውን ግድግዳ ልናፈርሰው ነው። ሁለቱም ምን ያህል ጠባብ እንደሆኑ አንቺው ታውቂያለሽ። ጓዳው ውስጥ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ እስትንፋሱን መያዝ አለበት። ማጠቢያው ደግሞ ማሽኑ ከገባ ወዲህ በሩ የሚከፈተው ግማሽ ብቻ ነው፤ እኔ እንደሆነ ሰፋ ያልኩ ሴት ነኝ፣ በጎኔ ነው የምገባው። ዱቄቱ ኮሪደር ላይ፣ ዘይቱ አልጋ ሥር፣ የቆሸሸው ልብስ ወንበር ላይ ሆኖ ቤቱ መጋዘን መስሏል። ግድግዳው ከፈረሰ ግን አንድ ሰፊ ክፍል ይወጣዋል። በአንድ ወገን ማሽኑ፣ በላዩ ልብስ የሚታጠፍበት ሰሌዳ፣ በሌላው ወገን እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ። የማጠቢያው በር ይደፈንና መግቢያው በጓዳው በር ብቻ ይሆናል።

ወንድምሽ ተስማምቷል። እናትሽም ተስማምተዋል። አንቺ የልብስ አጠባ ሙያተኛ ስለሆንሽ ምክርሽን እፈልጋለሁ። ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

በፍቅር፣
የወንድምሽ ሚስት


ኅዳር 9 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤታችሁ ጤና ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ከማጠቢያው ሙቀት ወጥቼ መንገድ ላይ ስቆም ፊቴ እንደ እንጨት ይደርቃል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "እናትሽም ተስማምተዋል" የምትለዋን መስመር ግን አምስት ጊዜም ሳላነባት አልቀርም። እናቴ ራሷ ናት ያለችው፣ ወይስ አንቺ ብለሽ እሷ ዝም አለች? እናቴ ዝም አለች ማለት ተስማማች ማለት አይደለም። ያንን ለማወቅ ከሆዷ መውጣት ይጠይቃል።

ያ ጓዳ የእናቴ ነው። ቤቱ የአባቴ ነበር፣ ሳሎኑ የእንግዳ ነበር፣ ጓዳው ግን የእሷ ነበር። ወንድሜ እንኳ የሚፈልገውን በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚጠይቃት፤ ውስጥ የምገባው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምስር እየለቀምን ሰፈሩን ሁሉ የምናማው እዚያ ነው። ልጅነቴ ሲያበቃ፣ ሴት የሆንኩ ቀን፣ ሮጬ የነገርኳት እዚያ ነው። ወደ ውጭ ልሄድ ነው ያልኳትም እዚያው ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ የስኳሩን ቆርቆሮ ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። አሁን አንቺ መዶሻ ይዘሽ ልትገቢበት ነው።

ስለ ቦታ ጥበት ደግሞ ለእኔ አትንገሪኝ። ከሦስት ሴቶች ጋር በተከራየሁት ቤት ውስጥ እኔ ያለኝ ማከማቻ የማቀዝቀዣው አንድ መሳቢያ ነው፤ እሱንም አንዷ እየከፈተች ሽንኩርቴን ትወስዳለች። ልብሴን የማጥበው ምድር ቤት ባለው ማሽን ተራ ይዤ ነው፣ ተራዬም እሁድ ጠዋት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳጥብ ከርሜ የራሴን ለማጠብ እሁድን እጠብቃለሁ። አንቺ ግን ሁለት ክፍል ይዘሽ፣ ሁለቱን አንድ ልታደርጊ ተነስተሽ፣ አሁንም ጠበበኝ ትያለሽ።

ምክር ብለሻል። ይኸውልሽ ምክሬ፦ እርጥበትና ዱቄት በአንድ ክፍል አይኖሩም። ከማሽኑ የሚወጣው እንፋሎት ዱቄቱን ያሻግተዋል፣ ስኳሩን ያጋግረዋል፣ የሳሙናው ሽታም ምስሩ ውስጥ ይገባል። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ማጠቢያውና የምግብ ማከማቻው ያሉት በተለያየ ፎቅ ነው። ሙያተኛዋን ከጠየቅሽ፣ ሙያተኛዋ "ተዪው" ብላለች።

እናቴን ሳሚልኝ። የላክሁላትን ካፖርት ትለብሰዋለች ወይ? አልነገርሽኝም።

ዋርሳሽ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ለተወደድሽው ዋርሳዬ፤

ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ይድረስሽ፤ ብርድ ላይ ነኝ ብለሽኛልና።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ግድግዳው በፈረሰ በአራተኛው ቀን ነው። እንዳትቀየሚኝ፤ ግንበኛው ሌላ ሥራ ስላለብኝ ነገ ካልሆነ አይሆንልኝም ብሎ ነው።

እናትሽ ተስማምተዋል ወይ ላልሽው፣ እንዴት እንደነበረ ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ። ሰውየው የመጀመሪያውን መዶሻ ከማሳረፉ በፊት እናትሽ ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ።

"ከየት ነው የምትጀምረው?" አሉት።

"ከላይ ነው እማማ።"

"ከላይ ከጀመርክ አቧራው ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ታች ነዋ እማማ።"

"ታች ያለው የማን እህል ነው?"

ሰውየው መዶሻውን አስቀምጦ ጓዳ ያለውን በሙሉ አንድ በአንድ እየተሸከመ ሳሎን አስገባ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እሳቸውን ሳያስፈቅድ አንዲት ሸክላ አልነካም። ሲጨርስ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ "እኚህ እናት ድሮ የት መሥሪያ ቤት ነው የሠሩት?" አለኝ። "ጓዳ" አልኩት።

ስለ እርጥበቱ እውነትሽን ነው፣ አመሰግናለሁ። ከማሽኑ በላይ ያለውን መስኮት አስሰፋሁት፤ አየር የሚያወጣ ቬንቲሌተርም ተገጠመበት። ዱቄት፣ ምስር፣ ስኳር ሁሉ ከማሽኑ ርቆ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ነው፤ ሁሉም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ባልዲ ውስጥ ገብቷል። መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር የለም። ሳሙናና በረኪና ለብቻቸው ቁምሳጥን አላቸው። የመደርደሪያውን ከፍታ ያስለካችው እማዬ ናት፤ "ተቀምጬ እጄ የሚደርስበት" አለች። ማሽኑም ወገቧ እንዳይጎብጥ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ እንዲቀመጥ አድርገናል። አናጢው ልብስ ማጠፊያውን ሰሌዳ በማጠፊያ ብረት ስለሠራው ሲፈለግ ይወርዳል፣ ሳይፈለግ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዓይንሽ እንዲያየው ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ፣ ለስላሳ የሆነ፣ ሲነኩት ኮሽ የማይል፣ እዚያ ይገኛል አሉ። ሁለት ሜትር ያህል ብትልኪልኝ። ለስፌት ጠረጴዛዬ ነው።

የወንድምሽ ሚስት


ጥር 22 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፤

ሰላም ለቤቱ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። ይህን ያልኩት ለጨዋነት ነው፤ እውነቱ ግን የዘገየሁት ተናድጄ ነው።

"ያስለካችው እማዬ ናት።" ከመቼ ወዲህ? ጥቅምት ላይ "እናትሽ ደህና ናቸው" ነበር የምትይው። ታኅሣሥ ላይ እማዬ ሆነች። አንቱታውስ የት ሄደ? አብሮ ፈረሰ? እኔ ሰባት ዓመት በስልክና በወረቀት እማዬ የምላትን ሴት፣ አንቺ በየማለዳው ፊት ለፊት ቆመሽ እማዬ ትያታለሽ፤ እሷም "ወዬ" ትልሻለች። ቅናት ነው በይው። አዎ፣ ቅናት ነው። ደብቄ ምን አደርገዋለሁ?

ፎቶውን ሥራ ቦታ የልብስ ሳጥኔ በር ላይ ለጥፌው ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት እያዩ "ቆንጆ ክፍል ነው፣ ቆንጆ እናት ናት" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን አነሳሁት። እናቴ ማሽኑ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ለማን ነው የምትስቀው? ፎቶውን ላነሳው ነዋ፤ ላንቺ። የለበሰችው ቀሚስ ደግሞ እኔ የላክሁት አይደለም። ሰማያዊ፣ ከፊት የሚከፈት፣ ኪሱ ሰፊ። የእጅሽን ስፌት የትም አውቀዋለሁ። ካፖርቴስ የት ነው? መንገድ ላይ ሰው ሲያገኛት "ይሄን ልጄ ናት የላከችልኝ" እንድትል ነበር የላክሁላት። አሁን "ይሄን ምራቴ ናት የሰፋችልኝ" እያለች ነው የምትዞረው።

ደግሞ ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ አሥራ አራት አንሶላ ቆጠርኩ። አንሶላ መቁጠር ሥራዬ ስለሆነ አልሳሳትም። ቤቱ ውስጥ ያላችሁት ሦስት ሰው፣ ያውም አንዱ የሳምንቱን ግማሽ መኪና ውስጥ የሚያድር። ሕፃን የለ፣ እንግዳ የለ። ይሄ ሁሉ አንሶላ ለማን ነው? ሆቴል ልትከፍቺ ነው? የእናቴን ጓዳ ወስደሽ እሷን የዕቃሽ ዘበኛ አድርገሻታል።

ጨርቁን በሰው ልኬያለሁ። የሥራ ቦታዬ ከሚገዛበት ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ከዚያ የተሻለ የለም። ለጠረጴዛሽ ይመርበት።

ዋርሳሽ


መጋቢት 2 ቀን

ለዋርሳዬ፤

ጤና ይስጥሽ። ጨርቁ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ።

አንሶላዎቹን ቆጥረሻል። ደግ። ሕፃን እንደሌለ ግን ባታስታውሺኝ ይሻል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ከተቀናናን ዘንድ የእኔንም ስሚ። ካፖርትሽ ቁምሳጥን ውስጥ በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። በሳምንት አንዴ ታወጣውና ታራግፈዋለች፣ ታሸተዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። "ልበሺው እንጂ" ስላት "ልጄ ስትመጣ አዲሱን ታየው" ትለኛለች። እኔ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ግን ሽንኩርት ትከትፍበታለች። ደብዳቤዎችሽ ትራሷ ሥር ናቸው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር አንቺ በወሬ ትነሺያለሽ፣ እኔ ውሃ ላመጣ እነሳለሁ። አሥር ዓመት አብሬያት ስኖር እኔን ለሰው ስታስተዋውቅ "የልጄ ሚስት ናት" ትላለች፤ ፎቶሽን እያሳየች ነው እንደዚያ የምትለው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በአንቺ ስም ልትጠራኝ ጀምራለች። "ጭራሮ!" ትለኛለች። በልጅነትሽ ከሲታ ስለነበርሽ ባወጣችልሽ ስም፣ እኔን፣ ከዚህ ሁሉ ውፍረቴ ጋር! መጀመሪያ "እኔ ነኝ እማማ" እላት ነበር። ግራ ትጋባና ፊቷ ይጨልማል። አሁን "አቤት እማዬ" እላለሁ። እማዬ የሆነችው እንደዚህ ሆኖ ነው። አንቱታውንም ከአንቺ አፍ ሰምታው ስለማታውቅ ተውኩት።

አንድ ጥያቄ ብቻ በሙያሽ መልሺልኝ። ከጥጥ ጨርቅ ላይ የቆየ ሽታ በምን ይለቃል? በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ይባስ ያዘ። በረኪናውም ጨርቁን እየበላው ነው።

ሌላ ነገር አትጠይቂኝ።

የወንድምሽ ሚስት


መጋቢት 19 ቀን

እህቴ፤

ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ላይ ቆሜ ነው፤ ማሽኖቹ ሁሉ እየዞሩ። "በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ይባስ ያዘ" የምትለው ላይ ስደርስ አንሶላ የተጫነበት ጋሪ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ጥያቄ እዚህ የሚቀጠር ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሳምንቱ ይጠይቀኛል። በእነዚሁ ቃላት።

ኮሽ የማይል፣ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ። ከፊት የሚከፈት ቀሚስ። አሥራ አራት አንሶላ። ሰባት ዓመት እንጀራዬ የሆነ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ቢሆን ገና በአንድ እይታ አውቀው ነበር። የእናቴ ስለሆነ የታየኝ የአንቺ እጅ ብቻ ነው። በስልክ "ደህና ነኝ፣ ምን ሆኜ" ትለኛለች፤ ድምጿ ደግሞ የጤነኛ ነው።

መልሱ ይኸውልሽ። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ አይንካው፤ ሙቅ ውሃ የሽንትን ሽታ ያበስለውና ጨርቁ ውስጥ ያስቀረዋል። ከአልጋው እንደተነሳ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው። ከዚያ ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ ኩባያ ኮምጣጤ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በረኪናውን ተዪው፤ በተለይ ከኮምጣጤው ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ፣ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ፀሐይ ካለ ፀሐይ ላይ አስጪው። ከፀሐይ የሚበልጥ መድኃኒት እኛም የለንም።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም አይቷታል? ወንድሜ ያውቃል? ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?

ስለ ሕፃን የጻፍኩት… እጄን በቆረጠው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ገና ድፍረቱ የለኝም።

በቶሎ ጻፊልኝ።


ሚያዝያ 8 ቀን

ለእህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ እንዴት እንደሰነበትሽ አውቀዋለሁ።

እኔ አልነገርኩሽም። አንቺ ራስሽ ነሽ የደረስሽበት። ለሚጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው፤ ምክንያቱም ምያለሁ።

የጀመረው የዛሬ ዓመት ግድም ነው። ጓዳው መሽተት ጀመረ፤ አይጥ የሞተ መስሎኝ ነበር። ወንድምሽ በሌለበት አንድ ቀን የዱቄቱን ከረጢት ፈቀቅ ሳደርገው ከኋላው ሦስት አንሶላ ተጠቅልሎ አገኘሁ። እርጥብ ነው። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆማለች። አንሶላውን እጄ ላይ ስታየው እዚያው ጓዳው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናትሽን መሬት ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

"እጠቢልኝ እንዳልልሽ አፈርኩ" አለችኝ። "ራሴ እንዳላጥበው የማጠቢያው በር ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ተሸክሜ ሳልፍ ሰው ያየኛል።"

"ማን ያይዎታል እማማ? እኔና ልጅዎ ብቻ ነን እኮ።"

"ታዲያ ሰው አይደላችሁም?"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለጠባብነቱ እንዴት እንደበቃን እንጃ። ለአንቺ ልጻፍ ስላት እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ለእሷ ከነገርሻት እዚህ ቤት አታገኚኝም። እሷ ቀኑን ሙሉ የሰው ስታጥብ ውላ፣ ማታ ደግሞ የእኔን ታስብ?" አለች። ለልጅዎስ ብላት "ለወንዱማ ጭራሽ!" አለችና አስማለችኝ።

የግድግዳው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። አስቢው፤ እናትሽ ወደ ጓዳ ስትገባ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ዕድሜ ልኳን በማለዳ ተነስታ ዱቄቷን ልታይ ስትገባ ነው የኖረችው። ሰበብ ያጣችው በማጠቢያው በር ለመግባት ነበር። ሁለቱን ክፍል አንድ ካደረግነው፣ ለሚያያት ሰው ወደ ጓዳዋ ገባች፣ በቃ። አሁን በማለዳ የጠቀለለችውን በነጠላዋ ሥር ይዛ ትገባለች። ራሷ ማሽኑ ውስጥ ትከተዋለች፣ ራሷ ቁልፉን ትጫነዋለች፣ እስኪያበቃም እህሏን እያየች ትቀመጣለች። ወንድምሽ ሳሎን ሆኖ "እማዬ ዛሬም ከጓዳዋ አልወጣችም?" ይላል። "አልወጣችም" እለዋለሁ። ጓዳዋን ወሰድሽ አልሽኝ እንጂ፣ እኔስ ልመልስላት ነበር የደከምኩት።

ሐኪም አይቷታል። "ዐይኗን ልታሳይ ነው" ብለን ነው የወጣነው። የሰጣት መድኃኒት ትንሽ ቀንሶላታል። መርሳቱን ግን "ዕድሜ ነው፣ እንከታተለው" ብሎናል፤ በየሦስት ወሩ እንመላለሳለን።

ቀዝቃዛው ውሃ ሠራ! በመጀመሪያው ቀን አንሶላውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሽትታ "ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ። ከአንቺ ተማርኩ እንዳልላት ምን ብዬ? እንዲሁ ሞክሬ አገኘሁት አልኳት። አመሰገነችኝ። የአንቺን ምስጋና ነው የበላሁት፤ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽሽም።

ናፍቆት ሲበረታብሽ እንደምትመጪ ይገባኛል፣ አትምጪም አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። እውነተኛዋ ጭራሮ ስትመጣ እኔን ምን ብላ ትጠራኛለች?


ግንቦት 3 ቀን

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የደጅሽ መንገድ ይቅና፣ ጉልበትሽ አይድከም፤ ሌላ የምመርቅበት ቃል አጣሁ።

ቅናቱ ለቀቃት ብለሽ ከጠበቅሽ አልለቀቀኝም። ድሮ የምቀናው በክፍሉና በቀሚሱ ነበር። አሁን የምቀናው መሬት ላይ የተቀመጠችው አንቺ ፊት በመሆኑ ነው። እኔ እዚህ የማላውቃቸውን እናቶች አንሶላ አጥባለሁ። ልጆቻቸው በወር አንዴ አበባ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷም አንሶላውን ማን ያጥበዋል ብላ ጠይቃ አታውቅም። አንድ ቀን እነዚያን ሴቶች ሳማ ውዬ፣ ማታ ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ አንዷን አየኋት።

ከሰኔ 28 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ፈቃድ ተሰጥቶኛል። ምንም እንዳላወቅሁ ሆኜ እገባለሁ። ማሽኑን አልነካም፣ አንሶላ አልቆጥርም። ቃሌ ነው።

ለእሷ የጻፍኩላትን ለብቻ ልኬያለሁ። ስታነቢላት መምጣቴን የሚናገረውን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን አትሰማሽም።

ዋርሳሽ


ሐምሌ 25 ቀን

ለእህቴ፤

በሰላም ገብቻለሁ፤ እናንተንም ሰላም አይለያችሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው መሳቢያዬ ተይዞ ነው የጠበቀኝ። አልተጣላሁም።

ፊት ለፊት ያልነገርኩሽን ነገር ልጻፍልሽ።

ሦስቱንም ሳምንት በየማለዳው ነቅቼ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን እግር ኮቴ እሰማለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች። በሩ ይዘጋል። ማሽኑ ይነሳል። ከዚያ አንቺ ትገቢያለሽ፤ ሹክሹክታችሁ ይሰማኛል፣ አንዳንዴም ትስቃላችሁ። አንድ ቀን ምን እንደሚያስቃችሁ ሳላውቅ ብርድ ልብሱን ነክሼ አለቀስኩ። ተነስቼ በሩን ልከፍተው እግሬን ከአልጋ አውርጄ ነበር። ቃሌ ትዝ ብሎኝ መለስኩት። "ጭራሮ!" ብላ ስትጣራና ሁለታችንም "አቤት" ስንል እንኳ፣ ቀድሜ የምመለከተው አንቺን ነበር፤ የማንን አቤት እንደፈለገች አንቺ ነሽ የምታውቂው።

የመጨረሻዋ ቀን አንቺ ሱቅ ሄደሽ ነበር፣ ወንድሜ መኪናውን ሊያሳጥብ ወጥቷል። "ነይ እስኪ ወደ ጓዳ" አለችኝ። ገባሁ። "በሩን ዝጊው።" ዘጋሁት። ከቅርጫቱ ሥር የተጠቀለለ አንሶላ አወጣች። የማን ነው አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

"እህትሽ ያሳየችኝን ላሳይሽ" አለች። "አንቺም አንድ ቀን ታረጃለሽ።"

"እሺ እማዬ።"

"መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሰው ሁሉ በሙቅ ይጀምርና ያበላሸዋል። ሰማሽኝ? ቀዝቃዛ። ከዚያ ኮምጣጤ፣ አንድ ኩባያ። በረኪና አጠገቡ እንዳይደርስ።"

"ይሄን ሁሉ ማን አስተማራት?" አልኳት።

"ማን ያስተምራታል? ከራሷ ነው እንጂ! ያቺ ልጅ እጇ ወርቅ ነው።"

እኔ ነኝ ያስተማርኳት! ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በቀን ሦስት መቶ አንሶላ፣ ሰባት ዓመት፣ እኔ ነኝ ሙያተኛዋ፣ እኔ ነኝ! የመጣልኝን ሁሉ ዋጥኩት።

"እውነትሽን ነው፣ ወርቅ ነው" አልኳት።

ማሽኑ እስኪጨርስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቦታው በቅቶናል፣ ተርፎናልም። እናቴ እጄን አንስታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሳሙና የሰነጠቀውን ቆዳዬን በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። ሲቆም አንሶላውን አወጣችና አራገፈችው።

"አጣጠፉን ትችያለሽ?" አለችኝ።

"አሳዪኝ" አልኳት።

ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጄ አስያዘችኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካከለች። የእሷን ጫፎች ይዛ እስከ ወዲያኛው መደርደሪያ ወደ ኋላ ሄደች። አንሶላው በመካከላችን ተወጠረ።

"በይ አሁን ወደ እኔ ነይ" አለችኝ።

ሄድኩላት።

እህትሽ